ሶፍትዌሩን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጀምሩት

ደብረ ብርሃን ላይ ለሶፍትዌር ተማሪዎችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ ነው። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን አስገብቻለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ብርድ ለመድኃኒት ማዘዣ ጉዳይ ብላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ግማሾቻችሁ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ግማሾቻችሁ መድኃኒት ታድላላችሁ። ብዙ ጊዜ የምትገናኙት አንዱ የሠራው ነገር ሌላውን ሲያስቸግረው ነው። ዛሬ ከዚያ በፊት እንድትገናኙ ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። በተለየ ሁኔታ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች አሉ፤ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ዲያዜፓም፣ ፌኖባርቢታልና የመሳሰሉት። እኛ አገር ናርኮቲክ፣ እንደ ሞርፊን ያለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ የራሱ የማዘዣ ወረቀት አለው፤ ሳይኮትሮፒክም፣ እንደ ዲያዜፓም ያለው አእምሮ ላይ የሚሠራው፣ የራሱ አለው፤ በተራው ወረቀት አይታዘዙም። የቁጥጥሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1971 እስከወጡት የተባበሩት መንግሥታት ስምምነቶች ድረስ ይሄዳል። እዚህ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። ወረቀቱ ግን የሚቀመጠው በተሰጠበት ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን የተሰጠውን ደብረ ሲና ያለው ፋርማሲስት አያየውም። ሸዋ ሮቢት ያለው ሐኪም በሽተኛው ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ምን እንደተሰጠው የሚያውቀው ራሱ በሽተኛው ከነገረው ነው። የማዘዣ መከታተያ ሶፍትዌር የሚባለው ይሄን ክፍተት የሚሞላ ነው። ማን አዘዘ፣ ማን ሰጠ፣ ስንት ሰጠ፣ መቼ ሰጠ።

አሜሪካኖች ይሄን ነገር ከጀመሩት ቆዩ። ካሊፎርኒያ በወረቀት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፣ የመጨረሻዋ ሚዙሪ ደግሞ ሕጉን ያወጣችው በ2021። ሐኪሞቻቸው ስለ ሲስተሙ ሲያማርሩ ከቆዩት ዋናው የእኛም ሐኪም ነገ የሚለው ነው፤ በሽተኛው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሌላ ገጽ ክፈት፣ ሌላ የይለፍ ቃል አስገባ፣ እንደገና ስሙን ፈልግ ትሉኛላችሁ፣ ጊዜው ከየት ይምጣ? ከዚህ የከፋም አለ። ኦፒዮይድ ላይ፣ ማለትም በእነ ሞርፊን ዓይነት የሕመም ማስታገሻዎች ላይ፣ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ ለዓመታት ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች መድኃኒታቸው በድንገት ተቋረጠባቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በድንገት ማቋረጥ ከባድ ጉዳት እያደረሰ መሆኑን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ይሄን ያነሳሁት የዛሬው ሐሳቤ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። መከታተያ ሶፍትዌር ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው መድኃኒት አብዝቶ የሚወስደውን መያዝ ነው። ያው መዝገብ ግን መድኃኒቱ አልቆበት የቀረውንም ያሳያል። ለእኛ ለሰሜን ሸዋ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው፣ ሁለተኛው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ፌኖባርቢታል በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ተመልሶ ይጥላል፣ አንዳንዴም አንዱ ሳያልፍ ሌላው እየተከተለ ለሞት ያደርሳል። እሳት ዳር የወደቀ፣ ወንዝ ዳር የወደቀ ሰው ታሪክ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ስትሠሩ ሁለቱንም ጥያቄ እኩል አስቡ። ይሄ ሰው አብዝቷል ወይ? ይሄ ሰው ቀርቷል ወይ?

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ፣ ምክንያቱም ሶፍትዌር የሚበላሸውም የሚሳካውም ዝርዝሩ ላይ ነው።

ከቀን ልጀምር። አንድ አባት መስኮቱ ላይ ቆመዋል እንበል። ፋርማሲስቷ፣ «አባባ፣ ባለፈው መቼ ነበር የወሰዱት?» ትላለች። «የገብርኤል ለት» ይሏታል። አለቀ። 19 ማለት ነው፣ እሷም ታውቃለች። ኮምፒውተሩ ግን ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር እያለ ይጠይቃታል። በጭንቅላቷ ትቀይራለች፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ አንድ ቀን ትስታለች። በተራ መድኃኒት አንድ ቀን ቢሳት ብዙ አይጎዳም ይሆናል። ቀን በሚቆጥር ሲስተም ላይ ግን ሰውየው «ቀድሞ መጣ» ተብሎ ይመዘገብበታል።

ይሄ ቀላሉ ነው። ጳጉሜን አስቡት። ነሐሴ 19 ለአንድ ታካሚ 30 ፍሬ ተሰጠው፣ በቀን አንድ። «ወር ላይ ይምጡ» ተባለ። እሱም ወር የሚቆጥረው ከገብርኤል እስከ ገብርኤል ነው፤ በሌሎቹ ወራት ይሄ አቆጣጠር ፍጹም ትክክል ነው፣ ወሮቻችን 30፣ 30 ቀን ናቸውና። ነሐሴ ውስጥ 12 ፍሬ ይወስዳል። ጳጉሜን ላይ 5። መስከረም ላይ የቀረችው 13 ናት። መስከረም 14 ጠዋት እጁ ባዶ ነው። መስከረም 19 ሲመጣ 5 ቀን ያለ መድኃኒት አድሯል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት፣ እንደ 2015 ባለው፣ 6 ቀን። ማንም አላጠፋም። ታካሚው በተባለው ወር መጥቷል፣ ፋርማሲስቷ በታዘዘው ልክ ሰጥታለች፣ ሰውየው ግን እንቁጣጣሽን አልፎ መስቀል ሳይደርስ ሊወድቅ ይችላል።

ኮምፒውተር ደግሞ መቁጠር ይችላል። ሶፍትዌሩ ነሐሴ ላይ «ይህ ታካሚ መስከረም 13 ያልቅበታል፣ 35 ፍሬ ስጡት ወይም ቀኑን አስታውሱት» ቢል ሥራው አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ከአዘዘው ሐኪም ጋር መነጋገር ካስፈለገም በጊዜው ይነጋገራሉ። የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ የመመለሻው ቀን ሲጻፍም «መስከረም 13፣ ረቡዕ» ተብሎ በእኛ ቀን ይጻፍ፣ ሙሉ ቀኑ ከነዕለቱ። ለሚፈልግ የበዓሉን ስም መጨመርም ይቻላል፤ ሚካኤል 12፣ ማርያም 21፣ መድኃኔ ዓለም 27 ብሎ የሚቆጥር ሰው በዚህ አገር ብዙ ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ላለው ሙስሊም ታካሚ ደግሞ ምርጫው ሌላ ይሆናል፣ እሱን ከእነሱ ጠይቃችሁ ሥሩት።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ሲስተሙ «8:00» ብሎ ያትማል፣ ጠዋት ለማለት። እናታችን የሚወስዱት 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ማለትም ምሳ ከበሉ በኋላ። በየ12 ሰዓቱ መወሰድ ያለበት መድኃኒት በዚህ ምክንያት ብቻ ይዛባል። «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። ጾምንም አትርሱ። በዐቢይ ጾም 9 ሰዓት ድረስ ምንም የማይቀምስ ሰው «ከቁርስ በኋላ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሶፍትዌሩ ለፋርማሲስቷ «ይጾማሉ?» ብላ እንድትጠይቅ አንድ ቦታ ይስጣት፣ መልሱን ይዛ ሐኪሙን ታማክራለች።

ወደ ስም ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም መከታተያ ሲስተም ሙሉ በሙሉ የቆመው አንድን ሰው አንድ ሰው ብሎ በማወቁ ላይ ነው።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር «የመጨረሻ ስም» ሲል አንዱ ጸሐፊ የአባትን ያስገባል፣ ሌላው የአያትን። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ። ቀጥሎ ፊደሉ አለ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ስድስት መልክ አላት፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሥ ላይ ሁለት ምርጫ፣ መጨረሻዋ ሴ ላይ ሁለት። 24 ደረስን። አያይዞ የሚጽፍና ለያይቶ የሚጽፍ አለ፣ 48። «ኃ/ሥላሴ» ብሎ የሚያሳጥረውን ገና አልቆጠርንም፣ በላቲን ፊደል የሚጽፈውንም አልነካንም። ፍለጋው ፊደል በፊደል የሚያመሳክር ከሆነ ያው ሰው አንድ ጊዜ በአንዱ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው ተመዝግቦ ሲስተሙ አያውቀውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከጀርባ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ አምጥታችሁ ፈልጉ፤ ከፊት ግን ሰውየው ስሙን እንደጻፈው አሳዩ፣ የሰው ስም አታርሙ። «ገ/» ሲል ገብረ፣ «ተ/» ሲል ተክለ መሆኑን አስተምሩት። «ወ/» ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ወልደም ሊሆን ይችላል፣ ወይዘሮም።

ተቃራኒው አደጋ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። መንዝ ውስጥ ስሙ ከነአባቱ አንድ የሆነ ሁለት ሰው ማግኘት ምንም አይደንቅም። ሶፍትዌሩ ራሱ ፈርዶ ሁለቱን አንድ ካደረጋቸው፣ የአንዱ መድኃኒት በሌላው ላይ ይቆጠራል፣ ጤነኛ አካሄድ የነበረው ሰው ድንገት ከሁለት ቦታ የሚወስድ መስሎ ይታያል። አሜሪካ ውስጥ ለውሻ የታዘዘ መድኃኒት በባለቤቱ ስም ተቆጥሮ ሰውን ያስጠረጠረበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ አያዋሕድ። የሚመስሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ያሳይ፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የእናት ስም ጨምሮ፤ «ይሄኛው ነው» የምትለው ፋርማሲስቷ ትሁን። የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ሲሆን ነገሩ ይቀላል፣ አዋጅ 1284/2015 መንገዱን ከፍቷል። ካርዱን ቤቱ ረስቶ ከሩቅ የመጣ ሰው ግን መድኃኒቱን ተከልክሎ አይመለስ። ስልክ ቁጥርንም መለያ አታድርጉት፣ አንድ ስልክ ቤተሰቡ ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላልና።

አሁን መስኮቱ ጋ ቁሙ። በእውነት ቁሙ፣ ከሰልፉ ጎን፣ ግማሽ ቀን። የምታዩት ይሄ ነው። ፋርማሲስቷ በአንድ እጇ ማዘዣውን ይዛለች፣ በሌላው ፍሬ ትቆጥራለች፣ አምስት አምስት እያደረገች። የሰው ክንድ በመስኮቱ ገብቶ ሌላ ወረቀት ይዘረጋል። ኪቦርዱ በመድኃኒት ካርቶን ተገፍቶ ጥግ ይዟል። ስክሪኑ ደግሞ ቦታ ስለሌለ ወደ ሰልፉ ዞሯል፣ መስኮቱ ላይ የተደገፈ ሁሉ ያነበዋል። እናንተ እዚያ ስክሪን ላይ በቀይ፣ በትልቁ፣ «ማስጠንቀቂያ! ድርብ ተቀባይ!» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ያ ሰው በነጋታው ሰፈሩ ውስጥ ስሙ ምን እንደሚሆን አስቡት። ትንሽ ከተማ ነው፣ ሰው ይተዋወቃል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንደሆነ በሽታውን ለመደበቅ ሲል ሌላ ወረዳ ድረስ ሄዶ የሚታከም አለ። ያን ሰው ደግማችሁ መስኮቱ ጋ አታገኙትም።

ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ትንሽና ጸጥ ያለ ይሁን። ለምሳሌ፣ «መጨረሻ የተሰጠው፦ ሐምሌ 19፣ ፌኖባርቢታል 100 ሚሊ ግራም፣ 30 ፍሬ፣ የሚያልቀው ነሐሴ 18»። ይሄ ብቻ። «ተጠርጣሪ» የሚል ቃል የትም አይግባ። መጠኑ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። የፌኖባርቢታል ፍሬ በ30ም በ100ም ሚሊ ግራም ይመጣል፣ ሁለቱ ዝርዝሩ ውስጥ ተከታትለው ከተቀመጡ የደከመ እጅ አንዱን በሌላው ፋንታ ይነካል፤ ቁጥሩ በትልቁ ይጻፍ፣ ከመረጠች በኋላም አንድ ጊዜ ጎልቶ ይታያት። ግማሽ ሲሆን «0.5» ተብሎ ከነዜሮው ይጻፍ፣ ነጥቧ ከጠፋች 5 እንዳይሆን። አንድ ሲሆን «1» ይበቃል፣ «1.0» ብላችሁ 10 የሚያስነብብ ነገር አትተዉ።

ማስጠንቀቂያ ስለማብዛት አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ሐኪሞች ኮምፒውተር ከሚያሳያቸው የመድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶውን እያለፉ እንደሚሄዱ አሳይቷል። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ሁሉም ነገር ሲጮህ ጆሮ ይዘጋል። የሶፍትዌር ተማሪዎች ቴራክ 25ን ታውቁታላችሁ፣ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነው። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በታወቁ ስድስት አደጋዎች ሰዎች ከልክ ያለፈ ጨረር ተቀበሉ፣ የሞቱም አሉ። ማሽኑ ያሳይ የነበረው መልእክት «ማልፈንክሽን 54»፣ ብልሽት 54 እንደማለት፣ የሚል ነው። 54 ምን እንደሆነ ለባለሙያው የነገረው የለም፣ ማሽኑም እንዲህ ያለ መልእክት ማብዛት ልማዱ ስለነበር «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ መጫን ተለመደ። እናንተም መልእክት ስትጽፉ ሦስት ነገር ይኑረው፤ ምን ሆነ፣ ለምን ያሳስባል፣ አሁን ምን ላድርግ። በቀን ውስጥ ደጋግሞ ብቅ የሚል ከሆነ ደግሞ አስወግዱት ወይም ወደ ጎን አድርጉት።

የይለፍ ቃልን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። ጠዋት አንድ ሰው በስሙ ይገባል፣ እስከ ማታ አራት ሰው በዚያው ስም ይሠራል። ይሄን ያላየ ፋርማሲስት እጁን ያውጣ። (ማንም አላወጣም።) ሰዎቹ ደንታ ቢስ ሆነው አይደለም፤ መውጣትና መግባቱ ያን ሁሉ ጊዜ ከወሰደ፣ ሰልፉ ደግሞ ከደጅ ከወጣ፣ ምን ያድርጉ? ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ሞርፊኑን ማን ሰጠ ሲባል መዝገቡ የሚናገረው ስም ያልሰጠውን ሰው ይሆናል፣ ነገ ተጠያቂ የሚሆነውም እሱ ነው። አጭር የሚስጥር ቁጥር፣ ወይም ካርድ ነክቶ መቀየር፣ አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ሥሩላቸው። ያን ጊዜ ስሙ እውነት ይሆናል።

«ሲስተም የለም» የምትለውን ቃል ሁላችንም በየመሥሪያ ቤቱ ሰምተናታል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ተራራው ላይ ያሉ ወረዳዎች ይሄን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሶፍትዌሩ ያለ ኔትወርክ መሥራት አለበት፣ ይሄ ድርድር የለውም። መብራት ሲመለስ ደግሞ ሰው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። እዚህ ጋ ተማሪዎች የምትስቱት ነገር አለ። መድኃኒቱ የተሰጠበት ቀንና ወደ ሲስተሙ የገባበት ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ቀን ብቻ ከመዘገባችሁ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ የከረመው ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲገባ፣ ባለፈው ወርና በዚህ ወር የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ሁለቴ የወሰደ ይመስላል። ሁለቱን ቀን ለየብቻ ያዙ።

ሌላው «ለምን ቀድሞ መጣ?» የሚለው ነው። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ይኑር፣ ተነክቶ የሚመረጥ፣ አጭር። ጠበል ሊገባ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ ሰው ሰንብቶ ነው የሚመለስ፣ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ተጨማሪ ቢጠይቅ ደስ ሊለን ይገባል፣ ምክንያቱም ሌላው ምርጫ መድኃኒቱን ትቶ መሄድ ነው። ለአጨዳ ቆላ የሚወርድ አለ። ለቅሶ የሚሄድ አለ። መንገድ ይዘጋል ብሎ የሰጋ አለ። ይሄ ሁሉ በሲስተሙ ዓይን «ቀድሞ የመጣ» ነው፤ ምክንያቱ ከተጻፈ ግን ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ ሰውየውን ይረዳዋል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ የተማሪ ነበር። «በማሽን ለርኒንግ ለእያንዳንዱ ታካሚ የአደጋ ነጥብ ብንሰጥስ?» አለ፤ ኮምፒውተሩ ካለፈው መረጃ ራሱ ተምሮ ነጥብ ይስጥ ማለቱ ነው። ጥሩ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፣ እኔ ግን አልደግፈውም። ነጥቡ ከየት እንደመጣ ፋርማሲስቷ ማየት ካልቻለች ለታካሚው ማስረዳት አትችልም፣ ታካሚውም ስህተቱን ማረም አይችልም። የካንሰር ሕመምተኛ ሞርፊኑ እየጨመረ መሄዱ የሕመሙ ባሕርይ ነው፤ ነጥብ ስትሰጡት አደገኛ ይመስላል። ቀኑን፣ መጠኑን፣ የሚያልቅበትን አሳዩ፣ ፍርዱን ለተማረው ሰው ተዉለት።

ሌላዋ ጠያቂ ፋርማሲስት ናት፣ ከወረዳ የመጣች። መዝገቡን ማን ያየዋል አለች። ሕግ አለ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የጤና መረጃ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በሶፍትዌሩ በኩል ማድረግ የምትችሉት፣ እያንዳንዱ የታየ ገጽ በማን፣ መቼ እንደታየ መመዝገብና፣ ታካሚው «መዝገቤን ማን አየው?» ሲል መልስ የሚሰጥ ነገር መሥራት ነው። ጎረቤቱን ሊያይ የሚከፍት ሰው ስሙ እንደሚቀመጥ ካወቀ እጁን ይሰበስባል። ከሕክምና ውጭ ሌላ አካል መዝገቡን ሲፈልግ በሕጋዊ ጥያቄ፣ በኃላፊው በኩል ይምጣ እንጂ በመስኮቱ በኩል አይደለም።

«ከየት እንጀምር?» ላላችሁኝ ደግሞ፦ ከአንድ መድኃኒት ጀምሩ፣ ፌኖባርቢታል ይሁን። ከአንድ መስኮት። ኮድ ሳትጽፉ ስክሪኑን በወረቀት ሣሉና ለፋርማሲስቷ ስጧት፣ ሰልፍ በበዛበት የገበያ ቀን ትሞክረው፣ እናንተ ጎን ቁማችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። የቆመችበትን፣ ወደ ኋላ የተመለሰችበትን፣ ትታው በእጇ የጻፈችበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ታውቁታላችሁ።